ነገሩ ከጭንቅላቷ ነው

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው ካገኛችሁ ለእኔም አሳዩኝ። ደም ግፊት አለብሽ በተባልኩ ሰሞን ያላከመኝ የከተማው ነዋሪ አልነበረም። ዳቦ የምገዛበት ባለሱቅ የሽፈራው ቅጠል አፍልቼ እንድጠጣ አዘዘልኝ። የጎረቤቴ አማት ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ዘፍዝፌ በባዶ ሆዴ እንድውጥ አዘዙ። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ደግሞ፣ የራሱን መኪና ሞተር አንድ ቀን እንኳ አክሞ ያላዳነው ሰውዬ፣ «ኪኒን ከጀመርሽ መውጫ የለሽም፤ ሱስ ነው» ብሎ መከረኝ። እኔም ዓመታት የተማረችውን የጤና ጣቢያ ነርስ ትቼ የሾፌሩን ምክር ያዝኩ። ኪኒኑን ጥቂት ወር ከዋጥኩ በኋላ ራስ ምታቱ ሲተወኝ አቋረጥኩትና «ድኛለሁ» ብዬ ለራሴ የምስክር ወረቀት ሰጠሁ።

የሻረግ እባላለሁ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ነኝ። ሥራው ስሙ እንደሚለው መስማት ነው። መፍታት የሌላ ክፍል ሥራ ነው፤ ያ ክፍል የት እንደሚገኝ ግን እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ከጠዋት እስከ ማታ ባለጉዳይ ይገባል፣ ይጮኻል፣ ጠረጴዛ ይመታል፤ ከጅጋ በእግሩ የመጣ ገበሬ «አምስተኛ ጊዜዬ ነው» ብሎ ያለቅሳል። እኔ ፈገግ እላለሁ። «ቅሬታዎ ደርሶናል፤ በየደረጃው ይታያል» እላለሁ። በየግምገማው «የሻረግ የማትቆጣ፣ የማትደነግጥ ሠራተኛ» እየተባልኩ እመሰገን ነበር። እኔም አምኜው ነበር። ደም ግፊት የወፍራምና የቁጡ ሰው በሽታ ነው እያልኩ፣ ቀጭኗና የረጋችው የሻረግ ከየት አምጥታ እላለሁ። ማታ ማታ ትራስ ላይ ጋደም ስል የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ሲደልቅ ይሰማኛል። ማጅራቴንም ይይዘኛል። ጥፋቱን በቢሮው ወንበር ላይ አላክኩት፤ ወንበር መልስ አይሰጥማ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ አንድ የነሐሴ እሑድ እንዴት አድርጎ ከዚያ ወንበር ላይ እንዳነቃነቀኝ እንዲገባችሁ ነው።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ታላቄ አያ ደምሌ ነው፤ በርበሬና በቆሎ ያመርታል። ታናሼ ጌታነህ ከአያ ደምሌ ማሳ ድንበር ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ አሳደገ። ዛፉ ውኃውን መጠጠው፣ ጥላው በርበሬውን አቀጨጨው። ከዚያማ ክስ፣ ምስክር፣ ቀጠሮ ሆነ። ሁለት ክረምት አንዳቸው ሌላቸውን አላናገሩም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በምሥራቅ በር ሲገባ ሌላው በምዕራብ ነበር። የነፍስ አባታችን አባ ቢምረው ሰለቻቸውና ስልክ አስደውለው፦

«የሻረግ፣ የአገር ቅሬታ ትሰሚያለሽ አሉ። የእናትሽን ልጆች ቅሬታስ ማን ይስማው?» አሉኝ።

ይኸን ሲሉኝ ምን እላለሁ? ቅዳሜ ማታ ገባሁ። የመጣሁበት ሚኒባስ መንገዱ ተዘግቷል፣ ተከፍቷል እየተባለ ማንኩሳ ላይ ግማሽ ቀን አቁሞን ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ሲነጫነጭ እኔ ልማዴ ነውና ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ። ማጅራቴ ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰበሰብን። አባ ቢምረው መሐል፣ ወንድሞቼ በግራና በቀኝ፣ እኔ ፊት ለፊት። ሁለቱ እጅ ቢዘረጉ ይደራረሳሉ፤ ንግግራቸው ግን በአባ ቢምረው በኩል ይዞር ነበር።

«አባ፣ ለዚያ ሰውዬ ይንገሩልኝ» አለ አያ ደምሌ። «ዛፉ በርበሬዬን ገደለው። ልጆቼን ሊገድል የቀረው ትንሽ ነው።»

«አባ፣ ለዚህ ታላቅ ነኝ ባይ ይንገሩልኝ» አለ ጌታነህ። «እኔ የተከልኩት በራሴ መሬት ነው። ጥላ የት እንደሚወድቅ የሚያዘው ፀሐይ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«እህስ፣ ፀሐይን ልክሰሳት?»

«ይክሰሳት! የለመደበት ነው!»

አባ ቢምረው ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ የሻረግ፣ አንቺ ተናገሪ» አሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ራሴን እየፈለጠኝ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ አስታራቂ አመመኝ ይላል እንዴ? ልናገር አፌን ስከፍት የአባ ቢምረው ጥምጥም ሁለት ሆነ። የደጀ ሰላሙ በር ነጭ ጭጋግ ለበሰ። ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው ከሰው ሰምቼ ነው፤ የነገሩኝ ሁሉ ግን ባንድ ነገር ይስማማሉ። ፊቴ ላይ ያ የቢሮ ፈገግታ እንዳለ ነበር አሉ።

«ቅሬታችሁ ደርሶናል» አልኩ አሉ። «በየደረጃው ይታያል።»

አባ ቢምረው ቀልድ መስሏቸው ሳቅ አሉ። አያ ደምሌ ግን አልሳቀም። «የሻ፣ ምን ማለትሽ ነው? ደረጃው የት ነው?» አለኝ።

«ቀጣይ ባለጉዳይ ይግባ» አልኩ አሉ። ደግሜም፣ ደጋግሜም። ከዚያ አስመለሰኝና በጎኔ ወደቅሁ።

ጩኸት ሆነ፤ ደጅ የነበሩት ሴቶች ገቡ። አንዷ «ዓይነ ጥላ ነው» አለች፣ ሌላዋ «ሰው በልቷት ነው» አለች። ምርመራው በየአቅጣጫው ተጧጧፈ። ጌታነህ ሮጦ ጠበል ሊያመጣ ሲነሳ አያ ደምሌ «ሐኪም ቤት ነው እንጂ!» ብሎ ቀሚሴን ይዞ ሊያነሳኝ ታገለ። ልብ በሉ፤ ራሴን ስቼ ወድቄ እንኳ ወንድሞቼ የሚጣሉበት አዲስ ርእስ ሆኜ ነበር። ያስቆሟቸው አባ ቢምረው ናቸው።

«ጌታነህ ልጄ» አሉት፣ «ጠበሉ የትም አይሄድም። የምትሄደው እሷ ናት።»

የእኒህን ሰው ቅኔ ስሰማ ነው ያደግሁት። ካሳዩኝ ሰምና ወርቅ ሁሉ ግን በሕይወት ያቆየኝ ይኸኛው ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሬሳ የሚወጣበት ቃሬዛ ነበር። እሱኑ አመጡት። እናቶች ቃሬዛውን ሲያዩ ሙሾ ሊጀምሩ ነበር፤ አባ ተቆጥተው ዝም አሰኟቸው። ሰው ቅዳሴ ጨርሶ ተበትኗል፤ የቀሩት ጎልማሶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የቃሬዛውን የፊት ሁለት እጀታ አያ ደምሌና ጌታነህ ያዙ፤ ሌላ ሰው የለማ። አስፋልቱ ሩቅ ነው። መንገዱ የነሐሴ ጭቃ ነው፤ እንኳን መኪና ባጃጅም አይገባው። ጎን ለጎን ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች እርምጃቸው ካልገጠመ ደግሞ ሸክሙ ይገለበጣል።

ይህን መንገድ በከፊል አስታውሰዋለሁ። ሰማዩ ይወዛወዛል። ከራሴ በላይ ሁለት ድምፅ ይሰማኛል።

«ቀስ በል፣ ትወድቃለች።»

«አንተ ነህ የምትጎትተው።»

«ግራ እግርህን አስቀድም አልኩህ!»

«የኔ ግራ ያንተ ቀኝ ነው እንዴ? አብረን ነው የቆምነው እኮ!»

«እሺ፣ አሁን። በል፣ ወንዙን ስንሻገር እኔ እቀድማለሁ።»

«እሺ አያ።»

በሁለት ክረምት የተነጋገሩት የመጀመሪያ ንግግር ይኸው ነበር። እኔ ተዘጋጅቼ የመጣሁበት የማስታረቂያ ንግግር ከምንጩ ሳይፈልቅ ቀረ። አንደበቴ ተዘግቶ ነው ከአፌ የተሻለ የሠራሁት። የዚያን ቀን ከባዱን ጎን የተሸከመው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

አስፋልቱ ላይ ሁለት ሚኒባስ «መኪናችን ውስጥ ብትሞትስ» ብለው ጥለውን ሄዱ። በመጨረሻ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ቆመልን። በበቆሎው ጆንያ ላይ ተጋድሜ ቡሬ ሆስፒታል ገባሁ።

የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ነበረች፤ ከወሎ የመጣች፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ግፊቴን ለካችው። የላይኛው ከሁለት መቶ አልፎ ሄዶ ነበር። ደግማ ለካችው። ወዲያው መድኃኒት በደም ሥሬ ጀመሩልኝ። አያ ደምሌ ከአልጋዬ ራስጌ ቆሞ በየደቂቃው መሣሪያውን ያያል።

«ዶክተር፣ ለምን ቶሎ አያወርዱትም? መድኃኒት ካጠረ ይንገሩን፣ ከውጭ እናመጣለን።»

«መድኃኒት አላጠረም አባቴ። ቶሎ ካወረድነው እንጎዳታለን። አንጎሏ ይህን ከፍተኛ ግፊት ለምዶታል። ባንድ ጊዜ ብናወርደው ደም ያጥረዋል። ቀስ እያልን ነው የምናወርደው።»

«አንጎሏ?» አለ ጌታነህ።

«አዎ። ግፊቱ አንጎሏን አሳብጦታል፤ የምትቀባዥረው ለዚያ ነው። ግፊቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዋናው አዛዥም እሱ ነው። የእህታችሁ ነገር ብዙው ከጭንቅላቷ ነው።»

ሁለቱ ወንድሞቼ ተያዩ። አያ ደምሌ ጋቢውን አጣፋ።

«ምን አሉ?» አለ። «እመቤቴ ዶክተር፣ የእኛ ዘር እብድ የለበትም።»

«የለበትም!» አለ ጌታነህ። «በአባትም በእናትም የለም። ቡሬ ድረስ ይጠይቁ!»

ሐኪሟ ቡሬ ላይ ቆማ ቡሬ ድረስ ጠይቂ መባሏ ገርሟት ይሁን አላውቅም፣ ሳቀች። እኔ ራሴን በደንብ ያወቅሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ያየሁት የመጀመሪያ ነገር ሁለቱ ወንድሞቼ አንድ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሲያንቀላፉ ነው። ሞቼ ገነት የገባሁ መሰለኝ፤ የሆስፒታሉ ሽታ ነው ገነት አለመሆኑን ያስታወሰኝ።

ሐኪሟ ጠዋት ስትዞር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም እንደ ወንድሞቼ ቅር ብሎኝ ነበርና፣

«ዶክተር፣ ነገሩ ከጭንቅላቷ ነው ብለሻል አሉኝ። እኔ ጭንቀት የሚባል የለብኝም። በግምገማም የተመሰከረልኝ ነኝ» አልኳት።

«ምን ይሠራሉ?»

«ቅሬታ እሰማለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ሰው ሲጮኽብዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ፈገግ እላለሁ።»

በቀስታ አስረዳችኝ። የተረዳሁትን በራሴ አማርኛ ልንገራችሁ፤ የተሳሳትኩት ካለ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። አንገታችን ውስጥ ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ላይ ግፊቱን የሚጠብቁ ነርቮች አሉ። ከፍ ሲል ለአንጎል ይነግሩታል፣ አንጎልም ልብን «ረጋ በይ»፣ የደም ሥሩን «ላላ በል» ይላል። ስጋት ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒውን ያዛል፤ ልብ ትሮጣለች፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ኩላሊት ጨውና ውኃውን ይይዛል። ጅብ ሲያባርርህ ይህ ደግ ነገር ነው። ችግሩ አንጎል ጅብንና የተቆጣ ባለጉዳይን አይለይም። እኛ መሥሪያ ቤት ከላይ የወረደ ትእዛዝ ታች እስኪደርስ ክረምት ይወጣል፤ እዚህ ግን የዓይን ጥቅሻ አይፈጅበትም። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ሰውነቴ ውስጥ እያለ እኔ ውጭ ስፈልግ ኖሬያለሁ።

«ፈገግታው የፊትዎ ነው» አለችኝ። «አንጎልዎ ፊትዎን አያይም። ጩኸቱን ነው የሚሰማው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲውል ከፍ ያለውን ግፊት ልኩ ይኼ ነው ብሎ ይይዘዋል። ያኔ ልናወርደው ስንሞክር እንኳ መልሶ ይጎትተዋል። ለዚህ ነው መድኃኒቱን እንዲህ ማቋረጥ አደገኛ የሚሆነው።»

«ስለዚህ በሽታዬ ቢሮው ነው ማለት ነው?» አልኩ፣ የምከስሰው ሰው ያገኘሁ መስሎኝ።

«ቢሮው ብቻውን አይደለም። ጨውም፣ ኩላሊትም፣ ዘርም አለ። አባትዎ በሕይወት አሉ?»

አያ ደምሌ ከወንበሩ ላይ መለሰ። «አባታችን አውድማ ላይ ምች መታው። ሲያበራይ ውሎ፣ ራሴን አለና ወደቀ። በጎኑ ሽባ ሆነ። ሳምንት አልቆየም።»

ሐኪሟ መሣሪያዋን ይዛ ተነሳችና፣ «አባቴ፣ ክንድዎን ይስጡኝ» አለችው።

«እኔ አልታመምኩም እኮ።»

«እህትዎም እንዲሁ ብለው ነበር።»

ለካችው። ፊቷን አየሁት፤ የተሸሸገ ፊት ማንበብ ሙያዬ ነው። የወንድሜ ግፊት ከእኔ ብዙም አይርቅም ነበር። ጌታነህም ተለካ፤ የእሱ ገና መንገድ መጀመሩ ነበር። አባታችንን ገደለ ያልነው ምች፣ ሦስት ልጆቹን ባንድ ክፍል ሰብስቦ እውነተኛ ስሙን ነገረን።

አያ ደምሌ «ከባሕር ዛፉ ነው» አለ። ሊቀልድ ነበር። የጠቀለለውን እጅጌ ግን ገና አላወረደም።

ጌታነህ ተነስቶ ወጣ። ውኃ ሊገዛ ነው ብለን ነበር፤ እስከ ማታ አልመጣም።

በኋላ እንደሰማነው በዚያው ቀን አገር ቤት ገብቶ መጥረቢያ ይዞ ወጥቷል። ከአያ ደምሌ ማሳ ጋር የሚዋሰነውን የባሕር ዛፍ መስመር ጫፍ እስከ ጫፍ ጣለው። ጎረቤት «ምን ነካህ?» ሲለው «አጣና ፈልጌ ነው» አለ አሉ። እስከ ዛሬ «ለአያ ብዬ ነው» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እኛ እንዲህ ነን። ሰውን የምንወደው በጓሮ በር ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። ዛፉ ተቆረጠ፣ ወንድማማቾች ታረቁ፣ ግፊቱም ወረደ ብል ያምር ነበር። አልወረደም። አያ ደምሌ ዛፉ የተነሳለትን ማሳ አይቶ እያለቀሰ ሐኪም ቤት ተመልሶ ቢለካ ቁጥሩ ያው ሆነ። ተናደደ። «ጠላቴ ወድቆ የለም እንዴ!» አለ። ሐኪሟ እንደነገረችው አንጎል እርቅ መፈጸሙን ቶሎ አያምንም። ሁለት ክረምት ሙሉ በር ላይ ጦር ይዞ የቆመ ዘብ «ሰላም ሆኗል» ስላሉት ብቻ ጦሩን አይጥልም። ጊዜ ይፈልጋል፤ ለአንዳንዱ ጊዜም አይበቃውም፤ ኪኒን ይፈልጋል። አያ ደምሌ አሁን በየጠዋቱ ኪኒኑን ይውጣል። የሚያስታውሰው ጌታነህ ነው፤ በአጥር ላይ ሆኖ «አያ፣ ዋጥህ?» ብሎ ይጮኻል። «ዋጥኩ!» ይላል አያ ደምሌ፣ ሳይውጥም ቢሆን። ከዚያ ይሰዳደባሉ። ሐኪሟ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም፤ እኔ ግን ከዝምታው ይሻላል ባይ ነኝ።

እኔስ? ከፈቃድ እንደተመለስኩ ክፍል እንዲቀየርልኝ ጠየቅሁ። አለቃዬ በትሕትና «ጥያቄሽ በየደረጃው ይታያል» አለኝ። ከዓመታት በኋላ ያ ቃል ጆሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ቀመስኩት። እስኪታይ ድረስ ግን እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። ኪኒኔን አላቋርጥም፤ ሾፌሩ ሱሰኛ ይለኛል። ጨው ቀንሻለሁ፤ ወጤ ንስሐ የገባ ሰው ምግብ መስሏል። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን የፊቴን ነገር ማስተካከል ነው።

በቅርቡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገብተው ጠረጴዛዬን መቱት። ፈገግ ልል ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ተውኩት። «አባቴ፣ እውነትዎን ነው» አልኳቸው። «ቢያናድድ አይፈረድበትም። እኔንም ያናድደኛል። ይህ ጉዳይ ግን እኔ ዘንድ አይፈታም፤ ላታልልዎት አልፈልግም። የሚፈታው ሌላ ክፍል ነው ይባላል፤ ኑ አብረን እንሂድ።»

ሽማግሌው ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ትንሽ ልረፍ» አሉ። «እውነት ሲነግሩት ሰው ይደክመዋል።»

አብረን ሄድን። ጉዳያቸው አልተፈታም፤ እንዲህ ያለ ተአምር ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሲመለሱ ግን አልጮኹም፣ እኔም ያን ዕለት ማታ ትራሴ ላይ ድልቂያ አልሰማሁም።

አንባቢዬ፣ አንተም ይህን ስታነብ «እኔ እንኳ ረጋ ያልኩ ሰው ነኝ» እያልክ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺም «እኔ ቀጭን ነኝ» እያልሽ ነው። ሁላችንም ይህን እያልን ነው አውድማ ላይ የምንወድቀው። እኔ አንጎሌን የማውቀው የመሰለኝ ፊቴን በመስተዋት እያየሁ ነበር። እሱ ግን ከኋላዬ ቁጭ ብሎ እኔ «ምንም አይደል» ያልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ሲሰማና ትእዛዝ ሲያወርድ ኖሯል። ስለዚህ ልለምናችሁ፤ ሐኪም ዘንድ ስትገቡ «ደህና ነኝ» የሚል ፊታችሁን አታሳዩት። ክንዳችሁን ስጡት።